ከአርሲ የመጣው አፈር

ንጽሕና ያለቦታው ከገባ ችግኝ ይገድላል። ከማን ሰማሽ እንዳትሉኝ፤ የገደልኩት እኔው ነኝ።

ቤቴን የሚያውቅ ሰው ይህን ከኔ አፍ ቢሰማ አያምንም። መጥረጊያ ከእጄ አይጠፋም። እንግዳ ሊሄድ ተነሥቶ ገና በሩን ሳያልፍ የተቀመጠበትን ወንበር እወለውላለሁ። ባለቤቴ አንድ ቀን፣ «የቀረሽ እኔን አውጥተሽ ፀሐይ ላይ ማስጣት ብቻ ነው» ብሎኛል። ይበለኝ! ይኸው ጠባዬ ነው አዳማ ዳር ባለ አንድ ችግኝ ጣቢያ ፎርማን ያደረገኝ። ሴት ፎርማን ምን ተብላ እንደምትጠራ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም ፎርማን እንደተባልኩ አለሁ።

በሥሬ አሥራ አንድ ሴቶች ይሠራሉ። አብዛኞቹ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በዚህችው ሥራ ነው። አምና «ፓቱላ አፍሉ» ተባልን። ፓቱላ ያ ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነ፣ ለጣውላ ተብሎ የሚተከለው የባሕር ማዶ ዛፍ ነው። የሚተከለው ወደ አርሲ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው፤ ችግኙ የሚፈላው ግን እኛ ጋ፣ በዚህ በአዳማ ሙቀት። ለምን? ውኃ ቅርብ ስለሆነ ነው አሉ። እኔ አልተከራከርኩም። ኃላፊያችን ግን አንድ ነገር በግልጽ ነግረውናል፤ ክረምት ሲገባ ችግኙ ካልደረሰ ጣቢያው ይዘጋል፣ ሴቶቹም ወደየቤታቸው ይሄዳሉ።

ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? አፈሩን አጸዳሁት። ሁለት ጊዜ በወንፊት አስነፋሁት። ጠጠር የለ፣ ሥር የለ፣ ትል የለ። ይህም አልበቃኝም። በሽታ እንዳይኖረው ብዬ በግማሽ በርሜል እያደረግን እሳት ላይ ቆላነው። ምላሷ የማያርፈው ሠራተኛዬ ዘይነባ፣ በአካፋ እያማሰለች፣ «እታበባ፣ ትንሽ በርበሬ ጣል እናድርግበት እንዴ?» አለችኝ። ገላመጥኳት።

ችግኙ በቀለ። ደስ አለን። ጣት ሲያክል ግን ቀጥ አለ። ከዚያ ቢጫ ሆነ። ጫፍ ጫፉም ወይን ጠጅ እየመሰለ ሄደ። ውኃ ጨመርኩ፣ ውኃ ቀነስኩ። ጥላውን አነሣሁ፣ መልሼ አለበስኩ። ማዳበሪያም ሰጠሁት። እሱ ንቅንቅ የለም። ዘይነባ ጸበል ይረጭበት አለች። እሷ ራሷ ሙስሊም ናት፤ እንግዲህ ጭንቀታችንን ከዚህ ገምቱት። ሴቶቹ ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት ችግኙን ሳይሆን የኔን ፊት ሆነ።

ሰው ሲጨነቅ ደግሞ የሚቆጣው የማይመልስለትን ነው። እኔም በዘበኛው ላይ ወረድኩ። ኦቦ ገመቹ ይባላሉ፤ የአርሲ ሰው፣ ስልሳውን ያለፉ፣ ንግግር የማያበዙ ሽማግሌ ናቸው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያኔ ኦቦ ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም። «ዘበኛ!» ነበር የምለው። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

አንድ ጠዋት ከችግኝ መደቦቹ አጠገብ ጆንያ ተቀምጦ አገኘሁ። ከፈትኩት። ግማሽ ድረስ አፈርና የበሰበሰ የፓቱላ ቅጠል ነው። ነጭ ክር ክር የሚል ሻጋታ ወርሶታል፤ እንጉዳይ እንጉዳይ ይሸታል።

«ዘበኛ! ይሄ ምንድን ነው?»

«ከልጄ የመጣ ነው። አርሲ ናት፤ ቤቷ ከፓቱላው ደን ሥር ነው። እሱ እኮ...» ብለው ሊቀጥሉ ነበር።

መች አስጨረስኳቸው! የቆላሁት አፈር አጠገብ ሻጋታ? ለዚህ ለታመመ ችግኝ መድኃኒት ብለው አምጥተው ይሆናል ብዬ ጭራሽ ባሰብኝ። ጆንያውን እየጎተትኩ አጥሩ ጥግ ያለው ቆሻሻ ላይ ዘረገፍኩት። በዚያው ሳምንት ሞቱ ያልናቸውን ችግኞች ፕላስቲካቸውን እየገፈፍን፣ አንድ የእጅ ጋሪ ሙሉ፣ እዚያው ላይ ደፋናቸው። ቀዳዳው የውኃ ጎማም የሚያንጠባጥበው እዚያው ጥግ ነው።

ሁለት ወር ገደማ አለፈ። የኔዎቹ እዚያችው የጣት ቁመት ላይ ናቸው። ዘይነባ አንድ ቀን ቆሻሻ ልትደፋ ሄዳ ባልዲዋን ጥላ እየጮኸች መጣች።

«እታበባ! የሞቱት ተነሡ!»

«ምን ትላለች ይቺ!»

«ወላሂ ተነሥተዋል! ነይና እዪ!»

ሄድኩ። እውነት ነው። ከጣልናቸው ውስጥ ሥራቸው ያን የጆንያ አፈር ያገኘላቸው ስንዝር አልፈዋል፤ አረንጓዴነታቸው ጥቁር ሊል ደርሷል። አንዱን ነቀልኩት። ሥሩን ያ ነጭ ክር ሙሽራ አስመስሎታል። ቁጭ አልኩ። እኔ የማጥበው፣ የምነፋው፣ የምቆላው ተኝቶ፣ የጣልኩት ይሳቅብኝ?

በሥራ የምናውቃት አንዲት ወጣት የደን ባለሙያ አለች፤ ደወልንላትና መጣች። ሥሩን አየችና ሳቀች። ይህ ሻጋታ በሽታ አይደለም አለች። ፈንገስ ነው፤ ከዛፉ ሥር ጋር አብሮ የሚኖር። የፓቱላ ሥር ብቻውን ሩቅ አይደርስም። ፈንገሱ በክሩ አፈሩን ሰርስሮ ውኃውንና ፎስፈረሱን ያመጣለታል፤ ዛፉ ደግሞ በቅጠሉ የሠራውን ስኳር ይሰጠዋል። እኔ ወንጂ ነው ያደግሁት፤ አባቴም የሸንኮራ ሠራተኛ ነበር፤ በስኳር የሚተዳደር ፍጥረት አይገርመኝም። የገረመኝ ሌላ ነው። ፓቱላ ለዚህ አገር እንግዳ ስለሆነ ፈንገሱ በየአፈሩ አይገኝም፤ የቆየ የፓቱላ ደን ካለበት ካልመጣለት አያድግም አለች።

ቀጥላ፣ «አፈሩን ምን አድርጋችሁት ነው?» ስትል ጠየቀች።

አሥራ አንዱም ሴቶች ወደ እኔ ዞሩ።

«ቆልተነው» አለች ዘይነባ፣ ጥያቄው ለሷ የቀረበ ይመስል።

ከዚያ በኋላ የቀረኝ አንድ ነገር ነበር፤ እሱም ከሁሉ የከበደኝ ነው። ወደ ጥበቃ ቤቱ ሄድኩ። «ኦቦ ገመቹ፣ ይቅር ይበሉኝ። እርስዎ ያወቁትን እኔ ሳላውቅ ጣልኩት» አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ «እሺ» አሉ። እሺ ብቻ። ጨዋነታቸው አንጀቴን በላው።

በማግስቱ ሁለታችን አርሲ ወጣን። ከልጃቸው ቤት አልፈን ደኑ ውስጥ ገባን። እዚያ ያሳዩትን ጥንቃቄ ብታዩ! አንዱን ዛፍ ዞር ዞር ብለው ያዩታል፣ ግንዱን መታ መታ ያደርጋሉ፣ አፈሩን አንሥተው ያሸታሉ። ከዚያ «ይሄ አይደለም። ያኛው» ይላሉ። እኔ ደብተር ይዤ ሁሉንም እጽፋለሁ። አራት ጆንያ ሞላን።

ስንመለስ ኬላ ላይ ፈታሹ ጆንያውን ፈታ። አፈር። እጁን እስከ ክርኑ ከተተ። አፈር። ሁለተኛውን ፈታ፣ ሦስተኛውን ፈታ። «ከሥሩ ምንድን ነው ያለው?» ይለኛል። «አፈር» እለዋለሁ። «አዳማ አፈር አልቆ ነው?» አለ። ሚኒባሱ በሳቅ ሞተ። ኦቦ ገመቹ ግን ፈገግ እንኳ አላሉም፤ መስኮቱን ያያሉ።

ለእያንዳንዱ ችግኝ እፍኝ እፍኝ ሰጠነው። አንድ ወር ምንም የለም። እንቅልፍ አጣሁ። በሁለተኛው ወር እዚህም እዚያም ደሴት ደሴት እየሆነ አረንጓዴ ወጣ። ከዚያ ተያያዘ። ሁሉም አልዳነም፤ ግን ዝናቡ ሲጥል የሚበቃው ደርሶ ነበር። መኪናው ችግኙን ጭኖ ሲወጣ ኃላፊያችን መጥተው፣ «ጣቢያው ይቀጥላል» አሉ። ዘይነባ እልል አለች። እኔ አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ!

ሴቶቹ ለኦቦ ገመቹ ጋቢ ገዙላቸው። ያለበስኳቸው እኔ ነኝ። ንግግርም አደረግሁ። የሽማግሌ እውቀት በትምህርት ቤት አይገኝም፣ እኛ ሰምተን ቢሆን ኖሮ፣ ምናምን፣ ረጅም ነው። በመጨረሻ፣ «ይህን ጥበብ ከማን እንደተማሩ ይንገሩን» አልኳቸው።

ጋቢውን አጣፉ፣ መልሰው ዘረጉ። ላብ አላባቸው።

«እኔ ምንም አላውቅም» አሉ። «ልጄ ድንች ላከችልኝ። መንገድ ላይ እንዳይቀጠቀጥ ከደጇ አፈርና ቅጠል ዝቃ ጠቀጠቀችበት። ድንቹን በላሁት። ትርፉን ልደፋ ስል አንቺ ቀደምሽኝ።»

አሥራ አንዱም ሴቶች እንደገና ወደ እኔ ዞሩ።

«ታዲያ... ደኑ ውስጥ ዛፍ ሲመርጡ የነበረው?»

«አንቺ ደብተር አውጥተሽ ስትጽፊ፣» አሉ ኦቦ ገመቹ፣ «ምን ላድርግ?»

መጀመሪያ የሳቀችው ዘይነባ ናት፤ ከዚያ ማንም የቀረ የለም። እሳቸው ጋቢውን ከትከሻቸው እያወረዱ፣ «ልመልሰው እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ ይልበሱት!» አልኩ። «ብቻ ለልጅዎ ይደውሉልኝ። ዘንድሮም ድንች ትላክ። እንዳታጥበው ደግሞ!»