የእድራችን ጡሩምባና የሜሮን ለቃሚ

ጠጋ በሉማ። ሐምሌ ነው፤ ዝናብ ቆርቆሮ ሲደበድብ ከሩቅ የሚያወራ ሰው ለራሱ ብቻ ነው የሚያወራው።

አሮጌ ነገር መጣል ደግ ነው፤ ቤት ይሰፋል። ችግሩ ጣዩ ሌላ፣ የሚገለገልበት ሌላ መሆኑ ነው። እናንተም ቤት "ይሄ ምን ይሠራል?" ተብሎ የተጣለ ዕቃ በሳምንቱ ሲፈለግ አይታችኋል። አላየንም እንዳትሉኝ።

የልጅ ልጄ ሜሮን የኮምፒውተር ሠራተኛ ናት። ሰው ሲሞት ለእድራችን አባላት በስልክ መልእክት የሚልከውን ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ናት፤ ፓይተን በሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ። ቋንቋውም አሮጌና አዲስ አለው አሉ። ስለዚህ ፕሮግራሙ ውስጥ በየቦታው "ፓይተኑ አሮጌ ከሆነ በዚህ በኩል ሂድ" የሚል ተሰግስጎበታል። ሜሮን ታዲያ ይሄን እየለቀመ የሚያወጣ ሌላ ፕሮግራም ሠራች። እኔ አንድ ሰፌድ ምስር ለቅሜ ሳልጨርስ እሱ ጨረሰ።

"የማያስፈልገውን በምን ያውቃል?" አልኳት።

"እኔ ነግሬው ነዋ እማማ። አሮጌውን ዛሬ ማን ይጠቀማል?"

የእድራችን ዳኛ አቶ ታደሰም ያው ሐሳብ መጣላቸው መሰለኝ፣ በእሑዱ ስብሰባ ጡሩምባ ነፊያችንን ደምሴን አሰናበቱት። መልእክት እያለ ጡሩምባ ምን ያደርጋል ተባለና ተጨበጨበ። ደምሴ ራሱ አጨበጨበ፤ ጨዋ ሰው ነው።

በዚያው ሳምንት የጎረቤቴ የዘነበች ባል አረፈ። አቶ ታደሰ የመላኪያውን ቁልፍ ተጫንኩ አሉ። ድንኳን ተተከለ፣ ወንበር ተደረደረ፤ የመጣነው እኔና ዝናቡ ነን። ዘነበች ባዶውን ወንበር እያየች፣ "ባሌ ማንን በደለ? እሱ ከሰው ቀብር ቀርቶ አያውቅም" አለች። ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው። ማን ሊሸከመው ነው?

ሜሮንን ጠራኋት፤ ወደ እድሩ ክፍል ሮጠች። ለካ እዚያ ያለው ኮምፒውተር ሽማግሌ ነው፤ የሚያውቀው አሮጌውን ፓይተን ብቻ። የሱን መንገድ ስለለቀመችበት ፕሮግራሙ ገና ሲነሣ ወድቋል፤ አንድም መልእክት አልወጣም።

"እማማ፣ እመልሰዋለሁ፤ ግን ለቀብሩ አይደርስም" አለችኝ፤ ፊቷ ቲማቲም መስሎ።

ባጃጅ ይዤ አስራ ስምንት ማዞሪያ ሄድኩ። ደምሴ ሻይ ቤት ተቀምጧል።

"ተነሥ ደምሴ፣ ሰው ሞቷል።"

"እኔ እኮ ተሰርዣለሁ እማማ። መልእክት ይላክልኝ።"

"መልእክቱም ተሰርዟል። ጡሩምባህ የት አለ?"

ከጃኬቱ ሥር መዥረጥ አደረገው። የተሰናበተ ሰው ጡሩምባ ታቅፎ ሻይ ይጠጣል?

ሰፈራችን ገብቶ ሲነፋው በየበሩ ጃንጥላ ተከፈተ። ቀብሩ በሰዓቱ ሆነ፤ ቃሬዛውን ለመያዝ ሰው ተሻማ። አቶ ታደሰማ ከፊት ነበሩ።

ሜሮን የለቀመችውን መለሰች። እድሩ አዲስ ኮምፒውተር ሲያገኝ ደግሞ ሄዳ በዓይኗ አይታ፣ አረጋግጣ፣ እንደገና አስለቀመችው፤ እስካሁን ደህና ይሠራል። ሽማግሌው ኮምፒውተር ላይ አቶ ታደሰ ባርኔጣቸውን ያኖሩበታል። ዘነበች ዓለም ባንክ ሰፈር ልጇ ዘንድ ገባች። ደምሴ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ መልእክቱ መጀመሪያ ለሱ ይደርሰዋል፣ አንብቦ ይነፋል። ሰዉም ጡሩምባውን ሲሰማ ስልኩን አውጥቶ ማን እንደሞተ ያነባል።