የቱርቦው የአቅም ውስንነት

ችግር መፍታት የማንም ሥራ ነው፤ ችግርን መለየት ግን ለተመረጡ ብቻ የተሰጠ ጸጋ ነው። ይህን ጸጋ ከታደሉት አንዱ የዕቅድ ክፍሉ ኃላፊ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ጣሪያ ሲያፈስ «የውሃ አስተዳደር ክፍተት» ብሎ የሰየመው እሱ ነው። ጣሪያው ዛሬም ያፈሳል፤ ስሙ ግን አምሮበታል።

ታዲያ ይህ ሰው የናፍጣ መኪናው ጥቁር ጭስ መትፋት ስትጀምር ጋራዥ ይወስዳታል ብሎ የሚጠብቅ ካለ፣ ሰውየውን አያውቀውም ማለት ነው። ነዳጅ በረገጠ ቁጥር ሰፈሩ ይጨልማል፤ ጎረቤት ሁሉ ያሰጣውን ልብስ ለመሰብሰብ ይሯሯጣል። ጉልበቷም ከድቷታል፤ አቀበት ስታይ ታቃስታለች።

«ቱርቦው ነው» አለ ኃላፊው፣ ኮፈኑን ከፍቶ እጁን ወደ ኋላ እንዳጣመረ። «ወደ ሞተሩ አየር የመግፋት የአቅም ውስንነት ገጥሞታል። አየር ሲያንስ ናፍጣው በወጉ አይነድም፤ በወጉ ያልነደደ ይጨሳል።»

እውነቱን ለመናገር፣ አየር ማነሱስ ልክ ነበር። የሊቅ ስህተት ምንጊዜም አጠገቡ እውነት አያጣም።

«ታዲያ አሠራዋ!» አለች ባለቤቱ። «እማዬ ሐሙስ ዓይኗን ኦፕራሲዮን ትደረጋለች። ወረፋውን እንዴት እንዳገኘነው ታውቃለህ፤ ካለፋት አለቀላት። ሆስፒታሉ ደግሞ አቀበቱ ጫፍ ላይ ነው።»

«አቅጣጫ ተቀምጧል።»

«እኔ የጠየቅኩህ መኪና ነው፣ ምን ያደርግልኛል አቅጣጫ!»

አማቱን ግን ከልቡ ይወዳቸዋል። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ የልጅ ልጆቻቸውን የሚለዩት በድምፅ ነው፤ ይህን ባየ ቁጥር ሆዱ ይባባል። «እኔው ራሴ አደርስዎታለሁ» ብሎ ቃል የገባላቸውም ለዚህ ነው። አሮጊቷ በበኩላቸው ሌላ ኀዘን ነበረባቸው፤ የሚወዷት የሌሊት ልብስ አንድ እጅጌዋ ገመድ ላይ እንደተሰጣች ተቀዶ ጠፍቶ፣ አይጥ ሲረግሙ ከርመዋል።

ኃላፊው ሥራውን ጀመረ። የቱርቦውን ቱቦዎች ፈትቶ አጠበ። ጨሰች። ናፍጣውን ቀድቶ ደፍቶ አዲስ ሞላ። ጨሰች። ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች አስጠረገ። አሁንስ በቁጭት ጨሰች።

«የአየር ማጣሪያውንስ አየኸው?» አለች ባለቤቱ ከኩሽናው በር።

ኃላፊው በትዕግሥት ፈገግ አለ። ባለፈው ሰሞን «የአቧራ መከላከል ዘመቻ» አካሂዶ ማጣሪያውን በገዛ እጁ አጠናክሯል፤ መቶ በመቶ መሳካቱንም ራት ላይ ለቤተሰቡ ሪፖርት አድርጓል። በእሱ ክፍል ደግሞ መቶ በመቶ የተባለ ነገር ተመልሶ አይነካም። ቢነካማ መሥሪያ ቤቱ ምን ይተርፈዋል?

«እሱ የተዘጋ ጉዳይ ነው» አላት።

ሐሙስ ጠዋት አማቱን ጋቢና፣ ባለቤቱን ከኋላ አስቀምጦ ተነሣ። አቀበቱ ወገብ ላይ መኪናዋ ጭሷን ለቀቀችና ቀጥ አለች። ነፋሱም ጭሱን መልሶ በመስኮት አስገባው።

«ምነው ቆምን?» አሉ አሮጊቷ እያሳሉ።

«ጊዜያዊ የአፈጻጸም መጓተት ነው፣ እናቴ።»

«እንግዲያው አንተ እሱን አስታም። እኔ ዓይኔን ላድን።»

የልጃቸውን ክንድ ይዘው በእግራቸው ተያያዙት። ሸክም የቀለላት መኪና እያቃሰተች ከኋላ ተከተለች። ዓይኑ የማያይ ሰው መኪና ሲመራ የታየው ያን ቀን ነው።

በር ላይ ስማቸው እየተጠራ ደረሱ። ነርሷ ግን ደነገጠች። «ፊታቸው ጥላሸት ነው እኮ! ቶሎ ጥረጉላቸው፣ ካልሆነ ቀጣዩን ላስገባ ነው።»

«ጨርቅ አምጣ!» ብላ ጮኸች ባለቤቱ።

ኃላፊው ወደ መኪናው ሮጠ። ባለፈው ሰሞን መኪናዋን የወለወለበት ያ ለስላሳ ጨርቅ የት ገባ? ከወንበር ሥር አየ፣ የዕቃ መጫኛውን ከፈተ። ከዚያ ድንገት የአቧራ ዘመቻው ትዝ አለው። ኮፈኑን ከፈተ፤ የማጣሪያውን ክዳን አነሣ። ጨርቁ የአየር መግቢያውን አፍ ግጥም አድርጎ ይዟል። ሞተሩ ይህን ሁሉ ጊዜ ሲታፈን ኖሯል! መንጭቆ አወጣና ኮቱ ኪስ ውስጥ ወሸቀው። ሲመለስ ሚስቱ አሮጊቷን በራሷ ሻሽ ጠርጋ አስገብታቸዋለች። ማታ አሮጊቷን እዚያው አስተኝተው ወደ ቤት ሲመለሱ መኪናዋ ያለ አንድ ጭስ በረረች። እሱም «ዋናው ክትትል ነው» አለ።

በማግስቱ የአሮጊቷ ዓይን ፋሻ ሲፈታ ቤተሰቡ አልጋውን ከቦ ቆመ። ኃላፊው እስከዚያው ለዶክተሩ ያስረዳል።

«ቱርቦውን በጥልቀት ገመገምኩት። ከዚያ ሥር ነቀል እርምጃ ወሰድኩ።»

ንግግሩ ሲሞቅ ላብ አጠመቀው፤ ከኮቱ ኪስ መሐረብ የመሰለውን ስቦ ግንባሩን ጠረገ። ግንባሩ ጠቆረ።

አሮጊቷ ቀስ ብለው ዓይናቸውን ገለጡ። ዶክተሩን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፤ እንባቸው መጣ። ከዚያ ወደ አማቻቸው ዞሩና አፍጥጠው ቀሩ። ከእጁ ላይ ጨርቁ ተንጠልጥሏል፤ ጫፉ ላይ ሰማያዊ ቁልፍ አለው።

«የሌሊት ልብሴ እጅጌ አይደለም እንዴ ይሄ? ወይኔ! ያቺን አይጥ በከንቱ ስረግማት!»

ኃላፊው እጅጌውን አየ፤ ከዚያም ሳቁ አመለጠው።

«በከንቱ እንኳ አይደለም፣ እናቴ። አይጧ እኔ ነኝ።»

«እሰይ!» አለች ባለቤቱ። «ችግሩ ተለየ።»