መንጃ ፈቃድ ለማስነጠቅ የተላኩ ሽማግሌዎች

እናንተዬ፣ እኛ አገር ሽማግሌ የማይላክበት ነገር አለ እንዴ? ለጋብቻ ይላካል። ለደም ይላካል። ድንበር ለገፋ ጎረቤት ይላካል። ብዙ ዘመን ውጭ ኖሬ ደብረ ታቦር ስመለስ ግን ያላየሁትን አየሁ። ታናሽ እህቴ ይታይሽ የገዛ ልጇን መንጃ ፈቃድ ለማስነጠቅ ሽማግሌ ላከች!

ልጅቷ ትርንጎ ትባላለች። ሰባት ዓመት አረብ አገር የሰው ልጆች በመኪና ትምህርት ቤት ስታመላልስ ኖራ መጣች። እዚሁ ተፈትና ከደብረ ታቦር ሐሙሲት ሚኒባስ ትነዳለች። ዶሮ እንኳ ገጭታ አታውቅም። እናቷ ግን ልጅቷ እስክትመለስ እህል አይወርድላትም። «ሰባት ዓመት ስሰጋ ኖርኩ፤ አሁን ደግሞ በየቀኑ?» ትላለች። ምን ይፈረድባታል?

ሦስት አዛውንቶች ጋቢያቸውን አጣፍተው መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ገቡ። ኃላፊው ወጣት ነው፤ የጨዋ ልጅ። ሽማግሌ ቆሞ ሲለምነው መቼ ይችላል? «ተሰርዟል» ብሎ ጻፈ፤ ማኅተም መታበት። ምክንያት? «በቤተሰብ ጥያቄ።» በሕግ አምላክ ሲባል ወራጅ ውሃ ይቆማል ይባል ነበር። እዚህ የቆመው ሚኒባሱ ነው።

ትርንጎ ደብዳቤውን አሳየችኝ። አላለቀሰችም። «አክስቴ፣ እንግዲህ ተመልሼ አረብ አገር ልሂድ?» አለች ብቻ።

ከዚያ በኋላ ዝም የምል ሰው ነኝ? ሕጉን አፈላልጌ ሁለት ቀን አነበብኩት። በሦስተኛው ቀን ልጅቷን አስከትዬ ኃላፊው ፊት ተቀመጥኩ። መንጃ ፈቃድ የሚሰረዘው ሕጉ ለይቶ ባስቀመጠው ጥፋት ነው፣ ያውም ባለ ፈቃዷ አስቀድሞ ተነግሯት፣ መልሷ ተሰምቶ ነው አልኩት። «እናቷ ፈራች» የሚል አንቀጽ ካለ አሳየኝ፤ ዓይኔ ደክሞ አልፌው ይሆናል አልኩት።

«እማማ፣ ሽማግሌ እንዴት እምቢ ይባላል?» አለኝ አንገቱን ደፍቶ።

«አይባልም የኔ ልጅ። ወንበር ስጣቸው፣ ሻይ አስመጣላቸው። ማኅተሙን ግን ቆልፍባቸው!»

ሳቀ። ስረዛውን የሚሽር ሌላ ደብዳቤ ጻፈ። ትርንጎም የዚያኑ ቀን ከሰዓት ተሳፋሪ ጫነች።

ቤት ስገባ ይታይሽ ጤፍ ታበጥራለች፤ ቀናም አላለች። እኔ ደግሞ አሸንፌ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። መሥሪያ ቤት በእናት ስጋት አይመራም ብዬ ሰበክኋት። ስናገር ስናገር የቆየ ምሬቴ አመለጠኝ።

«ለመሆኑ እኔ ከአገር ስወጣ አስቀሩልን ብሎ የለመነ ማን ነበር? አንድ ሽማግሌ ተላከ?»

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«አባባ ሄደው ነበር እኮ እትዬ። ፓስፖርት እንዳይሰጡሽ ብለው፣ ሁለት ሽማግሌ ይዘው አዲስ አበባ ድረስ። ሹሙ አክብሮ አስቀመጣቸው። ‹ያለ ጥፋቷ ልከለክላት ሕጉ አይፈቅድልኝም› ብሎ መለሳቸው። መንገድሽ እንዳይከብድሽ ብለው ነው ያልነገሩሽ።»

ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ አገር ሕግ የሚያከብር ሹም የለም እያልኩ ኖሬያለሁ። ለካ አንድ ነበረ።

እግዜር ይይለት!