አቶ ያየህ የባሕር ዳርቻ ሲመርጡ

መራጭ ሰው የሌለበት ቤተ ዘመድ የለም። የኛ ቤት የለበትም የሚል ካለ መራጩ እሱ ራሱ ነው። መራጭ ስንል ካርድ ይዞ የሚሰለፈውን አይደለም፤ ሽንኩርት ሊገዛ ወጥቶ ገበያው እስኪበተን ሽንኩርት የሚያገላብጠውን፣ ልቅሶ ቤት ገብቶ እንኳ ወንበር የሚቀያይረውን ነው። ለወሮታ ከተማ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙላት ክቡር አቶ ያየህ ናቸው። የሚያዙት ጦር የላቸውም፤ አንዲት ቃል ግን አለቻቸው፦ “አንቸኩል!”

አቶ ያየህ ገና ገጠሩ ቁሐር ሚካኤል በሚያርሱበት ዘመን በሬ ሊገዙ ይፋግ ገበያ ወጡ። የአንዱን ጥርስ አዩ፣ የሌላውን ሻኛ ዳበሱ፣ የሌላውን ጅራት አንሥተው ረጅም ጊዜ መረመሩ፤ በሬው አፍሮ ፊቱን አዞረ። “አንቸኩል” ብለው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በሚቀጥለው ገበያም አልቸኮሉም። በመጨረሻ ሲወስኑ ክረምቱ ገብቶ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሩዙን ዘርቶ ጨርሶ ነበር። በዚያ ዓመት ያላቸውን አንድ በሬ ከሰው በሬ ጋር አቀናጅተው ሲያርሱ ጥፋቱን በዝናቡ ላይ አሳበቡ። “ቸኮለ” አሉ።

ባለቤታቸውን ታይቱንም ያገቧት በዚሁ ሥርዓት ነው። ሽማግሌ ተልኮ እሺ ከተባለ በኋላ “አንድ ጊዜ ደግሜ ልያት” ብለው አስላኩ። የታይቱ አባት “ልጄ የይፋግ በሬ አይደለችም። ከፈለገ ይውሰድ፣ ካልፈለገ ይተው” ብለው መለሱ። ሰው እንደሚያውቀው አቶ ያየህ በዕድሜያቸው ቸኩለው የወሰኑት ያን ቀን ብቻ ነው። ታይቱ ይህ ወሬ ሲነሣ “አባቴ ባይቆጣ ኖሮ ያየህ እስካሁን ግቢያችን በር ላይ እንደቆመ ነበር” ትላለች።

አምና ታዲያ አየር መንገድ የምትሠራው ልጃቸው ወለተ ሚካኤል ለወላጆቿ የሠራተኛ ቤተሰብ ትኬት አወጣችና አብረን እንዝናና አለቻቸው። የሚሄዱት እሳተ ገሞራ ከውቅያኖስ መካከል ወዳበቀላት ደሴት ነው። የደሴቷ ስም ለፎገራ ምላስ አልመች ስላለ እቤት ውስጥ “የእሳቷ ደሴት” ተብላ ቀረች።

“አባዬ፣ የባሕር ዳርቻዋ ብዙ ነው። የቱ ይሻለናል? እርስዎ ይምረጡ” አለች ወለተ ሚካኤል በስልክ። ልጅቱ አየር መንገድ ገብታ ብዙ ነገር ተምራለች፤ አባቷን ግን ረስታ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ያየህ ባሕር ሳያዩ የባሕር ሊቅ ሆኑ። ስልካቸውን ከፍተው ቪዲዮ ሲያዩ ይውላሉ። ጸጉር አስተካካዩ ዘንድ ሄደው ስለ ማዕበል ያስተምራሉ። ማኅበር ላይ ጠላው ሲቀዳ ነፋስ ከምሥራቅ ሲመጣና ከምዕራብ ሲመጣ ያለውን ልዩነት ያብራራሉ። ከተማው ከጎንደርና ከደብረ ታቦር መንገድ በቀር መገንጠያ አያውቅም ነበር፤ አሁን ሻይ ቤት ተቀምጦ ጥቁር አሸዋ ይሻላል ነጭ እያለ ተከራከረ። የነፍስ አባታቸው መምሬ ኪዳነ ማርያም አንድ ቀን ትዕግሥታቸው አለቀና ጠየቁ፦

“ለመሆኑ አቶ ያየህ፣ ዋና ይችላሉ?”

“መዋኘት ሌላ፣ መምረጥ ሌላ፣ አባቴ” አሉ አቶ ያየህ በሙሉ ክብር።

ደሴቷ ላይ ሲደርሱ ወለተ ሚካኤል መኪና ተከራየች። አቶ ያየህ ከሆቴሉ አትክልተኛ ዱላ ለምነው፣ ኮታቸውን እንደለበሱ ከፊት ተቀመጡ። ታይቱ ከኋላ ሆና ጉልበቷን እያሸች ትታዘባለች። እሷ ከባሕሩ ጋር ምንም ጉዳይ አልነበራትም። ከሩቅ አይታው፣ ደኅና ነህ ወይ ብላው ልትመለስ ነው የመጣችው።

የመጀመሪያው ዳርቻ አሸዋው ጥቁር ነው፤ ኑግ የተሰጣበት አውድማ ይመስላል። አቶ ያየህ ጫማቸውን አወለቁ። የቀትር ፀሐይ የጋገረው አሸዋ እግራቸውን ሲለበልባቸው፣ ያ ሁሉ ግርማ ሞገስ እየዘለለ ውኃ ውስጥ ገባ። ሱሪያቸውን ሰብስበው እስከ ጉልበታቸው ሄዱ። በዱላቸው ወለሉን ወጋ ወጋ አደረጉና ራሳቸውን እየነቀነቁ ተመለሱ።

“ጥቁር አፈር ለማየት ነው አውሮፕላን የተሳፈርነው? ቁሐር ሚካኤል ሞልቶ የለም? አንቸኩል!”

ሁለተኛው ገደል ሥር ያለ ቀይ ዳርቻ ነው፤ በርበሬ የተደፋበት ነው የሚመስል። እዚያም ገቡ፣ ወጉ፣ ወጡ። “ድንገት ይጎደጉዳል” አሉ። ሦስተኛው ነጭ አሸዋ ያለው፣ ስልኩ በደረጃ ኮከብ በኮከብ ያደረገው ስመ ጥሩ ዳርቻ ነው። እዚያ ሰው ሁሉ ራቁቱን ለመሆን ጥቂት የቀረው ስለሆነ አቶ ያየህ ዓይናቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለው፣ ዱላቸውን እያስቀደሙ እንደ ዓይነ ስውር ገቡ። ውኃው ሲስባቸው ጊዜ ደነገጡና፣ ራቅ ብሎ ለሚዋኝ አንድ ቀይ ፈረንጅ ዱላቸውን አወዛውዘው “ውጣ! ይወስድሃል!” ብለው ጮኹበት። ፈረንጁ አማርኛ አያውቅም፤ ግን ወጣ። ተከትሎት ሌላውም ወጣ። አቶ ያየህ ባሕሩን ባዶ አስቀርተው ወደ መኪናው ተመለሱ።

እንዲህ ሲሉ ሰነበቱ። የትም ሄዱ የት ምንጣፍ አልተነጠፈም፤ የተቋጠረው ዳቦ አልተፈታም። ባንዱ ነፋሱ፣ ባንዱ ድንጋዩ፣ ባንዱ “ደስ አላለኝም” ብቻ። ወለተ ሚካኤል መሪውን ይዛ ማልቀስ ቀራት። ሊመለሱ ሲቃረቡ ታይቱ በቃት። መኪናው በቆመበት ወርዳ መንገድ ዳር ካለ የግንብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

“እኔ ከዚህ ወዲያ አልሄድም። ባሕር ውኃ ነው፤ ውኃውን አየሁት።”

“አንድ ቀርቷል፣ ታይቱ። አንቸኩል።”

“አንተ ሰውዬ፣ ለማን ነው የምትመርጠው? እኔ እንደሆን አልገባበት! ልጅቱም ዕረፍቷን በመኪና ጨረሰችው። ለማን ነው?”

 አቶ ያየህ ዱላቸውን መሬት ላይ ጫር ጫር አደረጉና ቀስ ብለው ተናገሩ።

“አንቺ የምትገቢበትን ነዋ የምፈልግ።”

ታይቱ ቀና ብላ አየቻቸው። በሙሽርነቷ ጊዜ የርብ ወንዝ ሞልቶ በሌሊት ቤታቸው ገብቷል። እሷን ጎርፍ ወስዷት፣ ሰዎች በታንኳ እስኪደርሱላት ድረስ የሾላ ቅርንጫፍ ይዛ አድራለች። ከዚያ ወዲህ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ውኃ ሲነካት ትንቀጠቀጣለች። ክረምት ክረምት ሜዳው ሲጥለቀለቅ አቶ ያየህ በጀርባቸው አዝለው ነበር የሚያሻግሯት። ስለዚህ ነገር ግን ሁለቱ ተነጋግረው አያውቁም።

“ያን ጊዜ ቤቱን ወንዝ ዳር የሠራሁት እኔ ነኝ” አሉ አቶ ያየህ። “ቦታውን የመረጥሁት እኔ። ቶሎ ጎጆ እንውጣ ብዬ፣ ሳላይ። እና የማይጎደጉድ፣ የማይስብ ውኃ ባገኝ፣ አንድ ጊዜ ሳትፈሪ ብትቆሚበት ብዬ ነው።”

“ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?”

“ብነግርሽ ትመጪ ነበር?”

አትመጣም ነበር። ታይቱ ይህን ስለምታውቅ ተነሥታ መኪናው ውስጥ ገባች።

የመጨረሻው ዳርቻ ዳርቻ ለመባልም አይበቃ። የዓሣ አጥማጆች ጀልባ የሚያድርበት ጠባብ ቦታ ነው፤ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ ስልኩ አንድ ኮከብ እንኳ አልሰጠውም። ግን እሳተ ገሞራው በጥንት ጊዜ ያፈሰሰው ድንጋይ እንደ ክንድ ተዘርግቶ ማዕበሉን ከውጭ ያስቀረዋል። ውኃው ተኝቷል። አቶ ያየህ ገብተው ከዚህ ጫፍ እዚያ ጫፍ እየወጉ ለብዙ ጊዜ ተመላለሱ። ከዚያ ዘወር ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

“ነይ።”

ታይቱ ነጠላዋን አጣፍታ ገባች። ውኃው ሞቅ ይላል። ቁርጭምጭሚቷን ሲያልፍ ልትመለስ ዞረች፤ አቶ ያየህ ክንዷን ጠበቅ አደረጉ። አንድ እርምጃ፣ ደግሞ አንድ። ጉልበቷ ላይ ሲደርስ ቆመች። ቆማ ቀረች፤ አልወደቀችም።

እዚህ ላይ ዝም ቢሉ ጥሩ ነበር። አቶ ያየህ ግን አቶ ያየህ ናቸውና፣ እጇን ለቀቅ አድርገው ጥቂት ራቅ አሉ፤ ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው ስለ ወለሉ አፈጣጠር ማብራሪያ ጀመሩ። ዱላቸው ወደ ላይ ተነሥቶ፣ “እንግዲህ ይህ ድንጋይ ማዕበሉን ስለሚከለክለው በምንም ዓይነት…” ሲሉ፣ በሞተር የምትገባ አንዲት ጀልባ የገፋችው ውኃ ከኋላቸው መጥቶ ከነኮታቸው ዋጣቸው። ዱላው ብቻ ተንሳፈፈ።

ታይቱ እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። ኮሌታቸውን ይዛ ወደ ላይ ስትጎትታቸው አቶ ያየህ በአፍ በአፍንጫቸው ውኃ እየተፉ ወጡ።

“ጨው ነው!” አሉ፣ እንደተካደ ሰው።

“ምን መስሎህ ነበር?”

“እማዬ!” ወለተ ሚካኤል ከዳር ጮኸች። “ወገብሽ ድረስ ገብተሻል!”

ታይቱ ቁልቁል አየች። እውነትም ወገቧ ድረስ ነው። እስኪያንቀጠቅጣት ጠበቀች፤ አላንቀጠቀጣትም። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ ጀልባዋ ላይ ያሉት ዓሣ አጥማጆችም ምን እንደሆነ ሳይገባቸው አብረዋት ሳቁ። አቶ ያየህ ስለ ጀልባዋ አንዳች ነገር ሊያስረዱ አፋቸውን ከፈቱ።

“ዝም በል፤ ጥሩ ቦታ ነው” አለቻቸው።

ዝም አሉ። ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ድረስ ከውኃው አልወጡም፤ እሷም ኮሌታቸውን አልለቀቀችም።