የያዥ አቤቱታ

አሮጌ መኪና በግቢው ፈትቶ መልሶ የገጠመ ሰው ሁሉ «ብቻዬን ነው የሠራሁት» ይላል። ውሸት ነው። ካላመናችሁኝ እንዲህ ያለ ሰው ግቢ ገብታችሁ ተመልከቱ። ከመኪናው ሥር ሁለት እግሮች ወጥተው ይታያሉ፤ ባለሙያው እሱ ነው። ከእግሮቹ አጠገብ ደግሞ ፊቱን ያኮሳተረ ሌላ ሰው፣ ምንነቱን የማያውቀውን ብረት በሁለት እጁ ታቅፎ ቆሟል። መኪናዋ ስታልቅ ለባለሙያው ይጨበጨብለታል፤ ከመኪናው ጋር ፎቶ ይነሳል። ያንን ብረት ታቅፎ የቆመውን ሰው «ወገብህን እንዴት አደረገህ?» ያለው ግን እስከ ዛሬ አልተሰማም።

ያ ሰው እኔ ነኝ። ስይዝላት የኖርኩት ደግሞ ታላቅ እህቴ ናት።

እህቴ በልብስ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት ስትሰፋና ስታሰፋ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ሰው ጡረታ ሲወጣ አበባ ይተክላል፣ ቀን ይተኛል፣ ጎረቤት ያማል። እሷ በሦስተኛው ሳምንት ከሰፈራችን ክሊኒክ ጀርባ ስምንት ዓመት የቆመች ባለሁለት በር መኪና አስጎትታ መጣች። በዘመኗ ለቆጣቢ ቤተሰብ የተሠራች፣ ነዳጅ የምታሸት እንጂ የማትጠጣ ትባል ነበር አሉ። እኛ ዘንድ ስትደርስ አራቱም ጎማዎቿ ተኝተዋል፤ የኋላ ወንበሯ ውስጥ ድመት ወልዳበታለች።

የወላጆቻችንን ቤት ለሁለት ተካፍለን እሷ በቀኝ፣ እኔና ባለቤቴ በግራ ነው የምንኖረው። ግቢው አንድ ነው። ማምለጫ አልነበረኝም።

የሰፈሩ ጋራዥ ባለቤት ተጠርቶ መጣ፤ ኮፋኖውን ከፍቶ አየና ወዲያው መልሶ ዘጋው። «እትዬ፣ ይቺ እኮ ቆርቆሮ ሰብሳቢም አይወስዳት» አላት። ክብርት ኢንጂነር አልተቆጡም። (ከዚያች ቀን ወዲህ በልቤ የምጠራት እንዲህ ነው።) የልብስ ጠመኔዋን ከኪሷ አውጥታ የበሰበሰውን የመኪናዋን ወለል ዙሪያውን አሰመረችበት።

«ቆርቆሮም ጨርቅ ነው፤ ግትር ሆኖ ነው እንጂ» አለች። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «አንተ፣ ናማ። ይቺን አንዴ ያዝልኝ።»

ያቺ «አንዴ» ሁለት ዓመት ከአራት ወር ፈጀች።

ምን ያልያዝኩት አለ! በሩን ይዣለሁ፣ መስታወቱን ይዣለሁ፣ ዝናብ ሲመጣ ሸራውን ይዣለሁ። ካምቢዮው የወረደ ቀንማ አልረሳውም። ከመኪናዋ ሥር በጀርባዬ አስተኝታኝ ያንን የሚያህል ብረት ደረቴ ላይ አሳረፈችውና «እንዳታንቀሳቅሰው፤ ቁልፍ ላምጣ» ብላ ሄደች። ቤት ስትገባ ስልኳ ጮኸ። የጥንት የሥራ ባልደረባዋ ናት። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ፤ «ኧረ ምንም ሥራ አልያዝኩም፣ አጫውቺኝ» ስትላት ጭምር። «እትዬ!» ብዬ ለመጮህ ሞከርኩ። ካምቢዮ ደረቱ ላይ የተጫነበት ሰው ድምፅ ግን ከሹክሹክታ አያልፍም።

ቤቴም አልተረፈም። ኑሮዬ ጋዜጣ ላይ መጻፍ ነው፤ ያለኝ ሀብት አንድ መደርደሪያ መጽሐፍ ነው። አንድ ቀን ስገባ አራት ፒስተኖች በመዝገበ ቃላቶቼ ፊት ተሰልፈዋል። «እዚያ ይሻላቸዋል» አለች እህቴ፤ «ያንተን መጽሐፍ እንደሆነ የሚነካው የለም።» ካርቡራተሩ ፊቴን በምታጠብበት ሳፋ ውስጥ ተዘፍዝፏል። ባለቤቴ ትደርስልኛለች ብዬ ብጠብቅ «ተዋት፣ ደስ ብሏታል እኮ» አለችኝ። እሷ ደስ ይበላት! የኔስ? እኔን ምን እንዳለኝ የጠየቀ አለ?

ዝግጅት ክፍል ስብሰባ ላይ አለቃዬ ትኩር ብሎ አየኝና «ግንባርህ ላይ ግራሶ አለ» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ያፈርኩት በግራሶው አይደለም። ያፈርኩት ሳላስበው «ግራሶ ሳይሆን የፍሪሲዮን አቧራ ነው» ብዬ ስላረምኩት ነው።

ትዕግሥቴ ያለቀው በኮቱ ነው። አንድ ደህና ጥቁር ኮት አለኝ፤ ለሠርግም ለቀብርም የምለብሰው እሱን ነው። አንድ ጠዋት ለቀብር ልወጣ ስል ከቁም ሣጥኑ አጣሁት። ወጥቼ ባይ ሞተሩ ለብሶታል።

«እትዬ፣ ይሄ ኮቴ አይደለም?»

«ነው። ሌሊት ጤዛ ነበር። ደግሞ አትጩህ፣ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ የትኛው ጎኑ ዘይት እንደሚችል አውቃለሁ።»

ያኔ ነው ሁለት ዓመት የታመቀው ሁሉ ገንፍሎ የወጣው። ስለ ወገቤ ነገርኳት፣ ስለ ሳፋው ነገርኳት፣ ስለ ስልኩ ነገርኳት። ጎረቤት ግንብ ላይ ተንጠልጥሎ እስኪያየን ጮህኩ። መጨረሻ ላይ «እኔ ሰው ነኝ እንጂ ክሪክ አይደለሁም!» አልኩ።

እህቴ መልስ አታጣም። ያን ቀን ግን ኮቱን ከሞተሩ ላይ አነሳች፣ አራገፈች፣ አጥፋ ሰጠችኝ። «ልክ ነህ» አለች። «ከእንግዲህ አላስቸግርህም።»

ቃሏን ጠበቀች። ሁለት ሳምንት ሙሉ የጠራኝ የለም። እጄ ንጹሕ፣ ጠረጴዛዬ ጸጥ ያለ፣ ወገቤ ቀጥ ያለ ሆነ። ታዲያ ለምን አንድ መስመር መጻፍ አቃተኝ? በመስኮት ስመለከት እህቴ ብቻዋን በር ትገጥማለች። በሩን የያዘላት አንድ ወንበርና በላዩ የተደረደሩ ሦስት ጡቦች ናቸው። ጡብ! እኔን በጡብ ተካችኝ!

በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ከጡብ የባሰ መጣ፤ ጎረቤታችን ፋርማሲስቱ።

መኪናዋ ተገጣጥማ የቀረው ፍሬኑ ብቻ ነበር። በፍሬን ዘይቱ ቧንቧ ውስጥ የገባው አየር መውጣት አለበት፤ ይህ ደግሞ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ መሪው ጋ ተቀምጦ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፤ ሌላው ጎማው ሥር ተኝቶ ትንሿን ቡሎን በቁልፍ ከፍቶ አየሩን ያስወጣና መልሶ ይዘጋል። ረጋጩ ቡሎኗ ሳትዘጋ እግሩን ካነሳ አየሩ ተመልሶ ይገባል፤ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

«ርገጥ!» ትላለች እህቴ ከሥር።

«ረግጫለሁ!» ይላል ፋርማሲስቱ፤ ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ፣ እንደ ሚኒስትር ተደላድሎ።

«ያዝ… ያዝ…»

አነሳ! በዓይኔ አየሁት፤ ጉልበቱ ከፍ አለ። እህቴ ተንፍሳ «እንደገና» አለች። እንደገና አነሳ። አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ። የሰዓት መድኃኒት በደቂቃ የሚቆጥር ሰው እንዴት ሦስት ሰከንድ መታገሥ ያቅተዋል?

«ሰውየው እግሩን እያነሳ ነው!» አልኳት ባለቤቴን።

«አንተ ምን አገባህ?» አለችኝ። እየሳቀች ነበር መሰለኝ።

በነጠላ ጫማ ወጣሁ። «ወንድሜ፣ ውረድልኝ» አልኩት።

«እኔ እኮ ተጠርቼ ነው የመጣሁት» አለ ፋርማሲስቱ፣ ክብሩ ተነክቶ።

«አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ውረድ።»

ተቀመጥኩ። እህቴ ጎማው ሥር ስለሆነች አታየኝም። «ርገጥ» አለች፤ ረገጥኩ። ያዝ እስክትል አልጠበቅሁም፤ ይዣለሁ። ቁልፉ ሲዞር፣ ዘይቱ ሲፈስ፣ ቁልፉ ሲመለስ በጫማዬ ሶል ይሰማኛል። ልቀቅ ስትል ለቀቅሁ።

«መጣህ?» አለች።

«መጣሁ።»

አራቱን ጎማ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጨረስን። ፋርማሲስቱ እጁን አጣምሮ ቆሞ አየን፤ አንዳች የተማረ አይመስለኝም።

ከዚያ ሞተሩን አስነሳች። ሁለቴ አስነጠሰና ያዘ። ከግቢው ወጥተን የዳቦ ቤቱን ቁልቁለት ወረድን፤ እኔ ከጎኗ፣ ሁለት እጄ ጭኔ ላይ። ቁልቁለቱ ግርጌ ስትደርስ ፍሬኑን ረገጠችው። መኪናዋ ሳትንሸራተት ጸጥ ብላ ቆመች። ዳቦ የሚጠብቁት ሰዎች ዞረው አጨበጨቡላት። እህቴ በእጅጌዋ ዓይኗን ጠረገች፤ ዘይት ነው አለች።

«በቃ፣ አለቀ እንግዲህ» አለች ቀስ ብላ። ደስ ሊለን ይገባ ነበር።

«የኋላው ግራ ጎማ ፍሬን» አልኩ፣ «ትንሽ ለስለስ አላለብሽም?»

ዞር ብላ አየችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሌሎችን ስፌት ስትመረምር የኖረች ሴት አስተያየት ነው፤ ምንም አያመልጣትም።

«እኔም ተሰምቶኛል» አለች። መኪናዋን ወደ ዳር አወጣችና የቡሎን ቁልፏን ይዛ ወረደች። እኔ ወደ መሪው ተሻገርኩ።

ፍሬኑ ምንም አልነበረበትም።