የማድ ቤቴ ግድግዳ ውስጥ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ የገዛ ማድ ቤቴ ግድግዳ ውስጥ ስኖር አየሁ። ጭቃው የተሰነጠቀበት ቦታ ገብቼ ተጣጥፌ ተኝቻለሁ። ሦስቱ ልጆቼም ከሥሬ ናቸው። ሦስቱም ዛሬ ትዳር ይዘው ወጥተዋል፤ በሕልሜ ግን ገና ጥርስ ያላወጡ ሕፃናት ነበሩ። ከምድጃው አጠገብ፣ በእኔ ዱካ ላይ፣ አንዲት አሮጊት እባብ ተጠምጥማለች። ነጠላ ለብሳ፣ መነጽር አድርጋ ዳዊት ትደግማለች። ገጹን የምትገልጠው በጅራቷ ነው።

ሕልሙ ከየት እንደመጣ አልጠፋኝም። ትናንት ከሰዓት በኋላ በዚያ ስንጥቅ ጅራት ሲገባ አይቼ ጮኼ ነበር። ጎረቤቴ ጥሩወርቅ ሮጣ መጣችና፣ "ነገ በጠዋት ውሃ አፍልተን እንለቅባታለን" አለችኝ። እኔም የማድ ቤቱን ቁልፍ ሰጠኋት። ማታ ለትልቁ ልጄ ለአዝመራው ደወልኩ። የፓርክ ጠባቂ ስለሆነ የአውሬ ነገር ያውቃል።

"እማዬ፣ ቡናማ ናት? ቆዳዋ ልሙጥ ነው?"

"እኔ መች ዳሰስኳት!"

"በቃ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ።"

"እኔ ከእባብ ጋር ፎቶ ልነሣ?"

ሳቀ። "እንዳወራሽኝ ከሆነ አይጥ የምታድነዋ ትመስለኛለች፣ መርዝ የላትም። ግን ሳላያት እርግጠኛ አልሆንም፤ አንቺም አትጠጊያት። በሩን ከፍተሽ ዞር በይላት፣ ራሷ ትወጣለች። ውሃ ምናምን እንዳትሉ፣ እሺ?"

"እሺ" አልኩት ለአፌ ያህል። ለጥሩወርቅ ጠዋት እነግራታለሁ ብዬ ተኛሁ።

በሕልሜ ልጆቹ ራባቸው። መሬት ላይ የተበተነ ቆሎ ልለቅምላቸው ብቅ ስል አሮጊቷ አየችኝ።

"ሰው! ሰው! ኧረ በማርያም፣ ሰው ገባብኝ!"

ወዲያው ማድ ቤቱ የእድር ድንኳን ሆነ። እባቦች በየአግዳሚው ተጠምጥመው ተቀምጠዋል። አይጦች ንፍሮ ያድላሉ።

"ማን ሞተ?" ብዬ አንዷን አይጥ ጠየቅኋት።

"አንቺ" አለችኝ፣ "ገና ነው እንጂ።" ለእኔም አንድ ጭብጥ ሰጥታኝ አለፈች።

የእድሩ ሊቀመንበር አጭር፣ ወፍራም እፉኝት ነበር። ጋሽ እፉኝት ይሉታል። ጉሮሮውን ጠረገ።

"መጀመሪያ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች እንወቅ። ሰው ሁሉ አንድ አይደለም። እስቲ እጅሽን አሳዪ!"

ዘረጋሁ። ቆሎና ንፍሮ ብቻ ነበር።

"አያችሁ፣ ዱላ የላትም። ዱላ የያዘ ከገጠማችሁ አትሩጡ፣ አትተናኮሉት፣ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ በሉ። ይቺን ግን በሩን ከፍታችሁ ዞር በሉላት፣ ራሷ ትወጣለች።" ድምፁ የአዝመራው ድምፅ ነበር።

"ዱላ ባይኖራትስ?" አለች ከኋላ አንዲት ወጣት እባብ፣ ጥሩወርቅን ቁርጥ። "ውሃ ማፍላት ያቅታታል?"

ድንኳኑ ተንጫጫ። ጋሽ እፉኝት ወደ አሮጊቷ ዞረ። "ቤቱ የእርስዎ ነው። እርስዎ ምን ይላሉ?"

አሮጊቷ መነጽሯን አወለቀች። "ምን እላለሁ? ልጆቼ ሁሉም ሄደዋል። ማታ ማታ እሳቱን ስዳፍን ግድግዳው ውስጥ ኮሽ ይላል። በዚህ ግቢ ከእኔ ሌላ ኮሽ የሚል የለም።" መነጽሯን በነጠላዋ ጠረገች። "ግን ፈራሁ።"

እኔም ልጆች አሉኝ፣ እዚያው ግድግዳ ውስጥ ናቸው፣ ልላት አፌን ከፈትኩ። ቃል የለም። እስስስ የሚል ድምፅ ብቻ ወጣኝ። ሁሉም ወደ ኋላ ሸሸ።

"ይኸው! ልትነድፈን ነው!"

"ፈርታ ነው እኮ" አለ ጋሽ እፉኝት። የሰማው የለም።

አሮጊቷን አየኋት፣ እሷም አየችኝ። አንድ ቃል ብትናገር ያበቃ ነበር። ነጠላዋን ሰበሰበችና፣ "እሺ፣ እንዳላችሁ" አለች፣ ለአፏ ያህል። ከነጠላዋ ጫፍ ላይ ቁልፍ ፈትታ ለወጣቷ ሰጠቻት።

ከዚያ ተመልሼ ግድግዳው ውስጥ ነኝ። ውጭ የድስት ክዳን ይንቀጫቀጫል። ልጆቼን በቀሚሴ ሸፈንኳቸው፣ ላያቸው ላይ ተኛሁባቸው። ትንሿ፣ "እማዬ፣ ሞቀኝ" አለችኝ።

ብንን አልኩ። ነግቷል። አማተብኩና ነጠላዬን እንኳ ሳልደርብ፣ "ጥሩወርቅ! ተዪ! ተዪ!" እያልኩ በባዶ እግሬ ወደ ማድ ቤት ሮጥኩ።

ጥሩወርቅ በሩ ላይ ባዶ ድስት ይዛ ቆማለች። ፊቷ በላብ ወዝቷል።

"እንዴት አደሩ እትዬ የሺ! መስኮቱን ባንኳኳ እንቅልፍ ወስዶዎታል፤ ልቀሰቅስዎ አሳዘኑኝ። ጨርሰነዋል።"

እግሯ ሥር ቡናማ ነገር ተዘርግቷል። ጎንበስ ብዬ ዳሰስኳት። ልሙጥ ናት።

"ኧረ አይንኩ! እንኳን ቀደምናት" አለች ጥሩወርቅ ወደ ስንጥቁ እያሳየችኝ፣ "ውስጡን እንቁላል ሞልታው ነበር። አያስቡ፣ እሱም ተቀቅሏል።"