ዳር ላይ የተቀረጸው የውሻ ራስ

ሰው የማያውቀውን አገር ባዶ አድርጎ ቢተወው ምን ነበረበት? አይተወውም። ወይ አውሬ ይሞላበታል፣ ወይ ነውር። እኔ ዳዊት ከመድገም ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ ይህን ያወቅኩት ቡታጅራ አደባባይ ቆሜ ነው።

በጃንሆይ ዘመን አንድ ቀራጺ ከአዲስ አበባ መጥቶ የዓለም ካርታ የቀረጸበት ሰፌድ የመሰለ ክብ ሲሚንቶ አቆመልን። ዘመናዊ ሐውልት ነው አሉ። ጥንት የፈረንጅ መነኮሳት ዓለምን እንዲህ ይሥሉ ነበር፤ ምሥራቅ ከላይ፣ ኢየሩሳሌም መሃል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ስጸልይስ የምዞረው ወደ ምሥራቅ አይደል? ምሥራቅ ከላይ ከሆነ ደቡብ በስተቀኝ ነው፣ እኛም እዚያ ነን ብዬ አገሬን ፈለግሁ። አገኘኋት። ጠርዙ ላይ የውሻ ራስ ያለው ሰው ጥርሱን አግጥጦ ቆሟል።

«የጥንቶቹ ያልደረሱበትን አገር ሰው እንዲህ ነበር የሚሥሉት» አለ ቀራጺው።

«አንተ ግን ደርሰሃል» አሉት ጎረቤቴ ሐጂ ነስሩ። «ትናንት ቤቴ ክትፎ ስትበላ ጅራት አየህብኝ?»

ሳቅን፤ ንዴቱ ግን አልበረደም። ሽማግሌ ተቀምጦ የውሻው ራስ ይፈለጥ አለ። ቀራጺው እጄን አላነሣበትም ብሎ ሄደ። መሮ የለመደ እጅ ያለው ሽብሩ ነው ተባለና ተጠራ።

ሽብሩ ፉጋ ከምንላቸው እንጨት ሠሪዎች ነው። የቤታችንን ምሰሶ የሚያቆሙልን እነሱ ናቸው፤ ቤቱ ካለቀ ወዲያ ግን ደጃፉን አይረግጡም። ቆጯቸውን በእንሰት ቅጠል ውጭ እንሰጣቸዋለን። ሲመሽ ጅብ ይሆናሉ እንላለን። እኔም እላለሁ፣ ዳዊት በምደግምበት አፍ።

መጥቶ የውሻውን ራስ አተኩሮ አየው። እኔም ቁጣዬን ነገርኩት፤ «ሳያውቁን አውሬ ያድርጉን? እግዜር በአምሳሉ የፈጠረውን ሰው?»

«ልክ ነዎት ጋሼ» አለ በቀስታ። «ይህን እኔ እፈልጠዋለሁ። የእኔን ጅብ ማን ይፈልጥልኛል?»

ሐጂ መቁጠሪያቸውን መቁጠር ያዙ።

ፈልጦ ሲጨርስ ቤቴ ምሳ ጠራሁት። እሱ ራሱ ያቆመው ምሰሶ ያለበት ቤት ነው። ደጃፉ ጋ ሲደርስ ግን እንደ ልማዱ ቆመ፤ ባለቤቴም እንደ ልማዷ ቅጠሉን ይዛ ወጣች። «ግባ» ማለት አንዲት ቃል ናት። አላልኳትም። ውጭ በልቶ፣ አመስግኖ ሄደ።

የተፈለጠው ቦታ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። እንግዳ ምን ነበረበት ብሎ ሲጠይቀኝ፣ «የእኛ መልክ ነበር» እላለሁ። «እኛን አይመስልም ብለን አስፈለጥነው።»